አዲስ ቤት ከሰፊ ቦታ ጋር የገዛ ሰው ስለሚጠየቀው ጥያቄ



ሰው ለራሱና ለልጆቹ መጠለያ መፈለጉ ከተፈጥሮው የተሰጠው እንጂ የሚነቀፍበት ነገር አይደለም። ከፀሐይና ከዝናብ የሚሰወርበት፥ ደክሞ ሲመለስ የሚያርፍበት፥ እንግዳ የሚቀበልበት፥ ሲታመም የሚጠየቅበት፥ በመጨረሻም አስከሬኑ የሚወጣበት ቤት ያስፈልገዋል። በኦሪት ዘዳግም ሕግ አዲስ ቤት ሠርቶ ገና ያላስመረቀ ሰው ከጦር ሜዳ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ታዝዞለት ነበር፤ ይህም ሰው በአዲስ ቤቱ የሚያገኘው ደስታ በእግዚአብሔር ዘንድ የታሰበ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ቤት የገዛውን ክርስቲያን «እንኳን ደስ ያለህ» ልንለው ይገባል እንጂ፥ ቤት መግዛቱን ዓለምን እንደ መውደድ ልንቈጥርበት አይገባም።

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ግን ከዚህ ደስታ ቀደም ብሎ የሚነሣ ነው። ቤቱ ያረፈበት ቦታ ትናንት የማን ነበር? ያ ሰው ዛሬ የት አለ? ገዢው ይህን የመጠየቅ ግዴታ አለበትን? ወይስ ገንዘቡን ቈጥሮ ከከፈለና ካርታውን በስሙ ካዛወረ በኋላ ከነገሩ ሁሉ ነጻ ነው?

ጥያቄው በየከተማው የሚነሣ ቢሆንም ቦንጋን ምሳሌ አድርገን ብንመለከተው ነገሩ ይገለጥልናል። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ደግሞ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። መሥሪያ ቤት ሲበዛ ሠራተኛ ይበዛል፤ ሠራተኛ ሲበዛ ቤት ፈላጊ ይበዛል፤ ቤት ፈላጊ ሲበዛም ከተማ ወደ ገጠር መስፋቱ የማይቀር ነው። ካፋ ደግሞ ባዶ ሜዳ አይደለም። ቡና ማንም ሳይተክለው በጫካ ውስጥ በቅሎ የሚገኝበት፥ ኮረሪማ የሚለቀምበት፥ ማር ከዛፍ ላይ የሚቈረጥበት ምድር ነው፤ ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቦአል። በዚህ አገር የባላገሩ ቤት ብቻውን አይቆምም፤ በጓሮው እንሰት፥ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፥ ከቡናው ወዲህ ጎመንና ቅመም አለ። ስለዚህ በከተማው ዳር «አዲስ ቤት ከሰፊ ግቢ ጋር ይሸጣል» ሲባል ያ ሰፊ ግቢ ትናንት የአንድ ቤተሰብ ጓሮ፥ ይኸውም የአንድ ቤተሰብ ጎተራ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም አይሆንም።

አሁን ጥያቄውን በምሳሌ እናቁመው። አንድ ምእመን አለ እንበል፤ ገንዘቡ የተጣራ ነው፤ ጉቦ አልበላም፥ አራጣ አላበደረም። ደላላ መጥቶ በብሎኬት የተሠራ፥ ቆርቆሮው የሚያበራ፥ ግቢው ሰፊ የሆነ አዲስ ቤት አሳየው። ሻጩ ቤቱን ለመሸጥ ብሎ የሠራ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ደግሞ ቦታውን ያገኘው ከአንድ ባላገር ነው፤ ባላገሩ በተቸገረበት ቀን ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ለቆለታል። ገዢው ከባላገሩ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ አላታለለውም፥ አላስፈራራውም። የባላገሩ መጎዳት በዚህ ገዢ ላይ የሚቈጠር ነገር አለውን?

አንዳንዶች «የለውም» ይላሉ፤ ምክንያታቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በመጀመሪያ፥ ሰው በገዛ ሥራው እንጂ በሌላው ሥራ አይጠየቅም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሮአል፤ ታዲያ ገዢ የሻጩን ኃጢአት እንዴት ይሸከማል? ሁለተኛም፥ ወደ ኋላ እየተመለስን የመሬትን ታሪክ ሁሉ እንመርምር ብንል መቆሚያ አናገኝም። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ካፋ ገብቶ፥ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ በኋላ፥ ምድሩ ለሹምና ለወታደር ተደልድሎ ባለቤቱ ገባር ሆነ። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት፥ በሐምሌ ወር በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም የነበራት የሰሞን መሬት በዚያው ዘመን ቀርቶአል። «በዚህ ሁሉ መካከል ንጹሕ መሬት ከየት ይገኛል? ንጹሕ መሬት እስኪገኝ ድረስ ሰው በሜዳ ይደር?» ይላሉ።

ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የናቡቴን ነገር እናስብ። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በወደደ ጊዜ በመጀመሪያ ያቀረበው ነገር በዛሬ ዐይን ሲታይ የሚነቀፍ አይመስልም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ልስጥህ፥ ብትሻም ዋጋውን በብር ልክፈልህ ብሎት ነበር። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት ስለ ሆነ አልሰጥም አለ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የጻፈችው ኤልዛቤል ናት፤ የሐሰት ምስክር ያቆሙት የከተማው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ድንጋይ የወረወሩት ሌሎች ናቸው። አክዓብ ያደረገው ናቡቴ ሞተ ሲሉት ተነሥቶ ቦታውን ሊረከብ መውረድ ብቻ ነበር። ነቢዩ ኤልያስ ግን የተላከው ወደ ደብዳቤ ጸሐፊዋ ወይም ወደ ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ሳይሆን በወይኑ ቦታ መካከል ወደ ቆመው ወደ ተረካቢው ነው።

ስለ ምን? ማኅተሙ በደብዳቤው ላይ ስለ ነበረ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም የምንማረው አለ። አክዓብ ናቡቴ መሞቱን በሰማ ጊዜ «እንዴት ሞተ?» ብሎ እንደ ጠየቀ አልተጻፈም። ትናንት በፊቱ ቆሞ «አልሰጥም» ያለው ጤነኛ ሰው በድንገት ሞተ ሲባል፥ ማንኛውም ልብ ያለው ሰው የሚያነሣውን ጥያቄ እርሱ አላነሣም። ያልጠየቀውም መልሱን ስላላወቀ አይደለም፤ መልሱን ስለ ፈራ ነው እንጂ። እንግዲህ አለማወቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አንደኛው ሰው ሊያውቅ የማይችለውን አለማወቁ ነው፤ ይህ በደል አይሆንበትም። ሁለተኛው ሰው ሊያውቅ የሚችለውን፥ ቢያውቅ የሚወደው ነገር ስለሚቀርበት፥ ጆሮውን ደፍኖ አለማወቁ ነው። ይህ ሁለተኛው አለማወቅ ይባል እንጂ በእውነቱ የዕውቀት አንዱ ክፍል ነው፤ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ከምን እንደሚሸሽ አያውቅምና።

«ሰው በሌላው ኃጢአት አይጠየቅም» ለሚለውም በደልንና ዕዳን ለይተን መልስ እንሰጣለን። በደል የሠሪው ነው፤ ከሠሪው ወደ ሌላ አይተላለፍም። ዕዳ ግን ከንብረቱ ጋር ይሄዳል። አንድ ሰው በገበያ መካከል በቅን ልቡና በሬ ቢገዛ፥ በማግስቱም የበሬው ጌታ መጥቶ ምልክቱን እየነገረ «ይህ ከደጄ የተሰረቀብኝ በሬ ነው» ቢለው፥ ገዢውን ሌባ የሚለው የለም። ይሁን እንጂ በሬውን እንዳላየና እንዳልሰማ ጠምዶ ቢያርስበት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የራሱ በደል ይጀምራል። የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር ወደ መባ ሣጥን ማግባት አልተፈቀደም ብለው የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት፤ ቦታውም የደም መሬት ተባለ። ጌታን አሳልፈው ለመቀበል ያላፈሩት ሰዎች ገንዘብ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ እንዳለበት ካወቁ፥ እኛማ ምንኛ ልናውቅ ይገባን ይሆን?

ወደ ኋላ ሲሄዱ መቆሚያ የለውም ለሚለውም ምክንያት መልሱ ይህ ነው። ዘመን የሸፈነው፥ ባለቤቱም ተጠሪውም ያልታወቀው ዕዳ የሕዝብና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ በሕግና በእርቅ ይታያል፤ በአንድ ቤት ገዢ ትከሻ ላይ አይጫንም። ነገር ግን ባለ ዕዳው በሕይወት ካለ፥ ስሙ ከታወቀ፥ ከአጥሩ ማዶ በጠባብ ቤት ተቀምጦ የቀድሞ እንሰቱን በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ከሆነ፥ ይህ የታሪክ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ጥያቄ ሆኖአል። የሩቁን ሁሉ ማቅናት አለመቻላችን የቅርቡን ላለማቅናት ምክንያት አይሆነንም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የሚያዘው እጃችን የሚደርስበትን ሥር እንድንመረምር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ውሉ እንናገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፥ ሰው ግን በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ባቆመው ቤትና ባደረገው መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ባላገሩ መሬትን በነጻ የማግኘትና ያለ አግባብ ያለመነቀል መብት እንዳለው፥ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የሰውን ንብረት ቢወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የከተማን ቦታ በሊዝ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶአል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል።

ይህን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም መተላለፊያ መንገድ አብጅቶለታል። በልዩ ልዩ ከተሞች ዳር እንደ ታየው፥ መሬት መሸጥ ስለማይቻል በማሳው ጥግ አንዲት ጎጆ ትቆምና ውሉ «ቤት ሸጫለሁ፥ ቤት ገዝቻለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያም ሽያጩ ብድር ወይም ስጦታ ተብሎ ይሰየማል። ሁለቱም ወገኖች ዋጋው የጎጆዋ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ምስክሮቹም ያውቃሉ። ይህ ውል በምድር ዳኛ ፊት ቢቆም ወይም ቢወድቅ የሕግ ዐዋቂዎች ይናገሩት፤ በሕሊና ፊት ግን ከመጀመሪያው ቃሉ ጀምሮ ሐሰት ነው። ሐሰቱም የሚጎዳው ሁለቱን እኩል አይደለም። ክርክር በተነሣ ጊዜ ባለ ገንዘቡ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ባላገሩ ግን በእጁ ያለው በገዛ ጣቱ ፈርሞ እውነተኛውን ነገር የካደበት ወረቀት ብቻ ነው። ፍትሐ ነገሥት የነፍስን ሥርዓትና የገበያን ሥርዓት በአንድ መጽሐፍ አስተባብሮ መያዙ ስለዚህ ነው፤ በገበያ የዋሸ ምላስ በቤተ መቅደስ የሚዘምረው ያው ምላስ ነውና።

ዋጋን በሚመለከት ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው የኢዮቤልዩ ሕግ ታላቅ ብርሃን ይሰጠናል። በዚያ ሕግ መሬት የእግዚአብሔር ስለ ሆነ ለዘለዓለም አይሸጥም ነበር፤ የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ ድረስ ያለው የመከር ቍጥር ነው፤ ዓመቱ ሲበዛ ዋጋው ይበዛል፥ ዓመቱ ሲያንስ ዋጋው ያንሳል። በቅጥር በታጠረ ከተማ ውስጥ ያለው ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተዋጀ ለገዢው ይጸና ነበር፤ ቅጥር በሌለው መንደር ያለው ቤት ግን እንደ እርሻ ተቈጥሮ በኢዮቤልዩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሕጉ ስለ ምን ይህን ልዩነት አደረገ ቢሉ፥ የከተማው ቤት መኖሪያ ብቻ ሲሆን የመንደሩ ቤት ከሚያበላው መሬት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። አንድም፥ ድሀ ከመኖሪያውና ከመብሉ በአንድ ቀን እንዳይነቀል ነው።

ይህን ይዘን ወደ ካፋ ጓሮ እንመለስ። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታትን ይፈልጋል፤ ቡናም እንዲሁ። ባላገሩ ጓሮውን ሲለቅ የለቀቀው አፈሩን ብቻ አይደለም፤ የሚመጡትን መከሮች፥ አባቱ የተከለውን፥ ልጁ የሚበላውን ነው። የተቀበለው ገንዘብ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልቃል፤ በሌላ ቦታ እንሰት ልትከል ቢልም እንሰቱ እስኪደርስ ረኃብ አይጠብቀውም። ስለዚህ ቦታ ትክክለኛ ዋጋው ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ የደላላውን ዋጋ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ቦታው ስንት መከር ይሰጥ ነበር ብሎ መቍጠር ይገባል። ባላገሩ የተቀበለው ከዚህ ቍጥር እጅግ የራቀ ከሆነ በመካከል ያለው ልዩነት የማንም ትርፍ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ስለ ቦታው ስፋትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት የሚይዘው የከተማ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ያ አዋጅ በኃይል የመጣ ነው፤ የብዙ ሰዎችንም ቤት ስለ ወሰደ በብዙዎች ልብ ኀዘን ትቶ አልፎአል። ነገር ግን መንግሥት በአዋጅ ሊያደርገው የሞከረውን ነገር ክርስቲያን በፈቃዱ ሊያደርገው አይገባውምን? «የሚበቃኝ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአዋጅ በፊት የሕሊና ጥያቄ ነበረ። ሰፊ ቦታ ሁሉ ኃጢአት ነው አንልም። እንሰቱ ሳይነቀል፥ ቡናው ሳይቈረጥ፥ ሰው እየሠራበትና እየበላበት ያለ ሰፊ ግቢ በረከት ነው። ነገር ግን የሚያበላውን ተክል ነቅሎ፥ ግማሹን በሲሚንቶ ሸፍኖ፥ ግማሹን ዋጋው እስኪጨምር ድረስ በአጥር ከልሎ ጦም የሚያሳድር ሰው፥ ሳይበላ የሌላውን መብል የከለከለ ነው።

እንግዲህ ቤት የሚገዛ ክርስቲያን ምን ያድርግ? አባታችን አብርሃም ሣራን ለመቅበር ከኤፍሮን ዋሻውንና እርሻውን የገዛበት አኳኋን ይበቃናል። ኤፍሮን በነጻ ውሰድ እያለው እርሱ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ይህንንም በጓዳ ሳይሆን በከተማው በር፥ የአገሩ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ አደረገው። ዋጋው ሙሉ ነበር፤ ነገሩም በግልጥ ነበር።

ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ደላላውን ወደ ጎን ትቶ ወደ መንደሩ በእግሩ ይሂድና ይጠይቅ። ቦታው የማን ነበር? ሚስቱ ፈቅዳለችን? ልጆቹስ ዛሬ ከምን ይበላሉ? ተነሡ ሲባሉ ካሳውን በእጃቸው ተቀብለዋልን? ሲጠይቅም የተከበሩትን ሽማግሌዎች ብቻ አይስማ። በካፋ ማንጆ የተባሉት ወገኖቻችን በቆየ ልማድ ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፥ ከሌላው ማዕድ እንዳይቀርቡ ተለይተው ኖረዋል፤ ይህም ልማድ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። በክርስቶስ ደም የተገዛ ሰው ግን እንደዚህ ያለውን መለያየት አያውቅም። ቃሉ እንደ ምስክርነት የማይቈጠርለት ጎረቤት የተናገረውም ይመርመር፤ በደል የሚሸሸገው ድምፅ በሌለው ሰው ዘንድ ነውና። መልሱ ንጹሕ ከሆነ ገዢው በደስታ ይግዛ። ካልሆነ፥ ዋጋው ከሻጩ ተቀንሶ ለተበደለው የሚገባው እንዲሰጥ በሽማግሌ ይነጋገር፤ ይህም ካልሆነ ይተወው፤ ሌላ ቤት ይገኛል።

ሳያውቅ የገዛና በኋላ የተረዳ ሰውስ? ቤቱን አፍርስ፥ ሜዳ ውደቅ የሚለው የለም። ዕዳውን ግን እንደ አቅሙ በየጊዜው ይክፈል። ጥሬ ገንዘብ ቢያንሰው፥ ባላገሩ ራሱ የተከለውን ቡና እንዲለቅም፥ የደረሰውን እንሰት እንዲወስድ፥ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድም በአጥሩ እንዳይዘጋበት ያድርግ። ይህንንም ሲያደርግ «ምጽዋት ሰጠሁ» አይበል። ምጽዋት ሰው ከራሱ የሚሰጠው ነው፤ ዕዳን ምጽዋት ብሎ የሚከፍል ሰው ባለ ገንዘቡን ለማኝ አድርጎ ያዋርደዋል፤ ያልተገባውንም ምስጋና ይቀበላል።

በመጨረሻ ቃላችን ወደ ካህናት ወንድሞቻችን ነው። አዲስ ቤት በተገዛ ጊዜ ጠበል እንድንረጭና እንድንባርክ እንጠራለን፤ ማዕዱም ይቀርባል፥ ምስጋናውም ይበዛል። ከባላገሩ ቤት ግን የሚጠራን የለም። የንስሐ አባት የሆነ ሰው የመንፈስ ልጁን ቤት ከመባረኩ በፊት፥ በፍቅርና በትሕትና፥ «ልጄ፥ ይህ ቦታ ቀድሞ የማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው መድፈር አይሆንበትም፤ አባትነቱ ነው። ጠበሉ ግድግዳውን ያርሳል፤ ያልተከፈለውን ዋጋ ግን አያጥበውም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ያሳታቸውን ሰዎች አስቦ አራት እጥፍ ልመልስ አለ፤ ጌታም ለዚያ ቤት መዳን እንደ ሆነለት የመሰከረው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። የቤት ምርቃት ማለት ይህ ነው።

ቤት ያለው እንዲያርፍበት፥ ቤት የሌለው እንዲያገኝ፥ ከቤቱ የተነቀለውም የሚገባው እንዲመለስለት ቸሩ አምላካችን ይርዳን፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።